ኤሊዋ ከማድ ቤት ትውጣ፦ ለወላጆችና ለዴይኬር ባለቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በዋሺንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወላጆች፣ በቤታችሁ ሕፃናት ለምትጠብቁ የዴይኬር ባለቤቶች፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመስጊድ አስተዳዳሪዎች፣ እንዲሁም የሕፃናት ጉዳይ ለሚመለከታችሁ የጤና መምሪያዎች



ጉዳዬ ስለ ኤሊ ነው። አገር እንዲህ በሆነበት፣ የቤት ኪራይም ሰማይ በነካበት ጊዜ ስለ ኤሊ ደብዳቤ ይጻፋል ወይ የሚል አይጠፋም። በሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝና ይጻፋል እላለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ ፍረዱ።

ኤሊ በእኛ ቤት የምትገባበት መንገድ የታወቀ ነው። ልጅ ውሻ ይለምናል። እኛ ደግሞ ውሻ በር ይጠብቃል እንጂ ሳሎን ገብቶ ሶፋ ላይ አይጋደምም ተብለን ያደግን ነን፤ በዚህስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ብዙ አይለያይም። የአፓርታማው ውል ውሻ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም በየወሩ ያስከፍላል። ድመት ጸጉሯ ይረግፋል። ልጁ ግን አይተውም፤ ጓደኞቹ ሁሉ አላቸው፣ እሱ ብቻ የለውም። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ፍሊ ማርኬት ውስጥ፣ ወይም በበጋ የባሕር ዳር ሽርሽር ላይ፣ ከነሣጥኗ የተዘጋጀች ትንሽ ኤሊ ትገኛለች። ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም። አረንጓዴ ናት፤ ከዓይኖቿ ኋላ በግራና በቀኝ ቀይ መስመር አላት። በፕላስቲክ ሣጥኗ ውስጥ ጠጠር ተነጥፎላታል፣ የፕላስቲክ ዘንባባም ተተክሎላታል። አትጮህም፣ ጸጉር የላትም፣ በውርጭ ሌሊት ውጪ አውጡኝ አትልም። ሻጩም «እንዲሁ ትንሽ ሆና ነው የምትቀረው» ብሎ ያረጋግጣል። አባት በጥቂት ዶላር ተገላገልኩ ብሎ ይገዛል።

ሻጩ ዋሽቷል። ይህች ባለ ቀይ መስመር ኤሊ በደንብ ከተያዘች ሳህን ታህላለች፣ 20 ዓመትና ከዚያ በላይም ትኖራለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሣጥኑ ቤት ሲደርስ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ውኃው ቶሎ ስለሚሸት ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት፤ ስለዚህ ለቧንቧ እንዲቀርብ ተብሎ ማድ ቤት፣ ሲንኩ አጠገብ፣ የጡጦ ማድረቂያው ጎን ይቀመጣል።

በኤሊዋ አንጀት ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ በብዙዎቹም አለ። ስሙ ባዳ ቢመስልም ዘሩን እናውቀዋለን፤ አገር ቤት ስንቱን አልጋ ላይ የጣለው ታይፎይድ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የታይፎይዱ የሚኖረው በሰው ብቻ ሲሆን፣ ይኼኛው በእንስሳት ሆድ ውስጥ ይኖራል። በኤሊ፣ በእንሽላሊት፣ በእባብ፣ በእንቁራሪትም ሆድ ውስጥ ምንም ሳይጎዳቸው ይቀመጣል። «የእኛዋ ጤነኛ ናት፣ በደንብ ትበላለች» የሚለው መከራከሪያ የማይሠራው ለዚህ ነው። እሷማ ጤነኛ ናት፤ የሚታመመው ሌላ ነው።

«አስመርምረናታል፣ የለባትም ተብለናል» የሚልም አለ። ባክቴሪያው ከሰገራዋ ጋር አንድ ሰሞን ይወጣል፣ ሌላ ሰሞን ይጠፋል። ዛሬ የለም የተባለው የዛሬ ሳምንት ይገኛል። በመድኃኒት ማጥፋትም ተሞክሯል። እነዚህ ትንንሽ ኤሊዎች በብዛት የሚፈለፈሉት ሉዊዚያና ውስጥ ባሉ እርባታዎች ነው፤ እዚያም እንቁላሉን ጄንታማይሲን በሚባል አንቲባዮቲክ ማከም ተጀምሮ ነበር። ባክቴሪያው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ከተረፈውም ውስጥ ጄንታማይሲን የማይበግረው ተገኘ። ጄንታማይሲን እኛ በደም ኢንፌክሽን ለተያዘ ጨቅላ ከምንሰጣቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ኤሊ እናጽዳ ብለው የሕፃናትን መድኃኒት አስለመዱት፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

የውኃ ኤሊ ደግሞ ከሌሎቹ ትብሳለች። የምትዋኝበት፣ የምትበላበት፣ የምትጸዳዳበትም ያው አንድ ውኃ ነው። ኤሊዋን ሳይነካ ውኃውን የነካ ልጅ እንደነካት ይቆጠር። ጠጠሩም፣ ሣጥኑም፣ የፕላስቲክ ዘንባባውም እንደዚያው ነው።

አሜሪካ ይህን ካወቀች ቆይታለች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በየዓመቱ 280,000 የሚሆን ሰው ከኤሊ በተላለፈ ሳልሞኔላ ይታመም እንደነበር ተገምቷል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ1975 የጀርባ ቅርፊቷ ርዝመት ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ በታች የሆነ ኤሊ እንዳይሸጥ ከለከለ። ይህ ክልከላ በዓመት 100,000 ያህል ሕፃናትን ከሕመም እንዳዳነ ተገምቷል። ሕጉ ዛሬም አልተሻረም። ታዲያ ፍሊ ማርኬቱ ውስጥ እንዴት ትሸጣለች? ሕጉ ለሳይንስ፣ ለትምህርትና ለኤግዚቢሽን የሚውለውን ስለሚፈቅድ ሻጩ «ለትምህርት አገልግሎት» ብሎ ይለጥፍባታል። ሌላው ደግሞ «ኤሊዋ በነጻ ናት፣ ክፍያው ለሣጥኑ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ሲያጋጥማችሁ የምትገዙት ነገር ለምን እንዲህ እንደተሸፋፈነ ጠይቁ።

ስለ 4 ኢንቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ በተሳሳተ መንገድ ሲተረጎም እሰማለሁ። ልኩ የተመረጠው ትንሿን ኤሊ ሕፃናት እንደ መጫወቻ ስለሚያገላብጧትና አፋቸው ውስጥ ስለሚከቷት ነው። አምስት ኢንች የሆነችው ነጽታለች ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፍሎሪዳ ውስጥ የ4 ሳምንት ጨቅላ በሳልሞኔላ ሞተ። ከጨቅላው የተገኘው ባክቴሪያና ከአንዲት ትንሽ ኤሊ የተገኘው በዲ ኤን ኤ ምርመራ አንድ ሆኖ ተገኘ። እስቲ አስቡት፤ የ4 ሳምንት ልጅ አይድህም፣ ዕቃ ዘርግቶ አይዝም፣ ኤሊም አይስምም። ለእንዲህ ያለ ልጅ ባክቴሪያውን የሚያደርሱለት የሚያጠቡትና የሚያቅፉት እጆች ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ደግሞ ከትንንሽ ኤሊዎች ጋር በተያያዙ ስምንት ወረርሽኞች በ41 ግዛቶች፣ በዋሺንግተን ዲሲና በፖርቶ ሪኮ 473 ሰዎች ታመሙ። ከታመሙት ግማሾቹ ዕድሜያቸው ከ4 ዓመት ያልበለጠ ነበር። ከመቶው 28ቱ ሆስፒታል ተኙ። ከመቶው 45ቱ ደግሞ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ነበሩ። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር እኔ የማነበው እንደ ስደተኛ ነው። እነሱም እንደ እኛ ከእንግሊዝኛው ማስጠንቀቂያ ይልቅ የጎረቤትን ምክር የሚሰሙ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሊ ማርኬት የሚወጡ፣ ለልጅ ደስታ ሲሉ ኪሳቸውን የሚዳብሱ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ እነሱ ብዙ ስለሆኑ መቆጠራቸው ነው። እኛ በአሜሪካ ስታቲስቲክስ ውስጥ «ጥቁር» በሚለው ሣጥን ስለምንገባ፣ ልጆቻችን ቢታመሙ እንኳ ለብቻችን አንታይም።

እንስሳውን መንካት ግድ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ ለእናቶች ሁሌ የምነግራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በዴንቨር መካነ አራዊት ኮሞዶ ድራገን የተባለውን ግዙፍ እንሽላሊት ለማየት የሄዱ ልጆች በሳልሞኔላ ታመሙ። አንዳቸውም እንሽላሊቱን አልነኩም። የነኩት ከፊቱ የነበረውን የእንጨት አጥር ነው፤ ልጅ እንደሚያደርገው ተደግፈውበት፣ ጨብጠውት አይተዋል። ነገሩ ሲጣራ ከጉብኝቱ በኋላ እጅን መታጠብ ከሕመሙ የሚያድን ሆኖ ተገኝቷል። አጥር እንዲህ ካደረገ፣ ኤሊዋ ስትሄድበት የዋለችው የሳሎን ምንጣፍ ምን እንደሚያደርግ እናንተው ገምቱ። ልጆቻችሁን በትምህርት ቤት ዕረፍት አገር ቤት ወስዳችሁ አርባ ምንጭ የአዞ እርባታውን ብታሳዩም ይኸው ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ምሳ ከመብላት በፊት ውኃና ሳሙና።

ወደ ቤታችን ልመለስ። አራስ ያለችበትን ቤት እንውሰድ። እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር መጥተዋል። ገንፎ ያገነፋሉ፣ አጥሚት ያፈላሉ፣ ጡጦ ያጥባሉ። ጠዋት ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት የኤሊዋን ውኃ ሲንኩ ውስጥ ደፍቶ፣ ሣጥኑን በዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ አሽቶ ሄዷል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ኃላፊነቱን ተወጥቷል። እሳቸው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጡጦዎቹን እዚያው ሲንክ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በዚያው ስፖንጅ ያጥባሉ። አንዳቸውም አላጠፉም፤ የነገራቸው ሰው የለም።

እጅ ሳይታጠብ ማዕድ አይቀረብም ተብለን ያደግን ሕዝብ ነን፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ልጆቻችን ግን ስልክ በአንድ እጅ፣ ቺፕስ በሌላ እጅ ይዘው እያደጉ ስለሆነ ሀብቱን እያስረከብናቸው አይመስለኝም። ኤሊዋን ሲያገላብጥ የነበረ የ7 ዓመት ልጅ ሮጦ መጥቶ ታናሽ እህቱን ያጎርሳታል፤ እኛም «እሰይ፣ ፍቅራቸው!» ብለን ፎቶ እናነሣለን። ክትፎውም አለ። ሳልሞኔላን እሳት ይገድለዋል፤ ወጥ ላይ ቢንጠባጠብ ወጡ ይፈላል። ጥሬ ሥጋና ሰላጣ ግን እሳት አያያቸውም፤ መክተፊያው የኤሊ ውኃ በተረጨበት ጠረጴዛ ላይ ካረፈ በባክቴሪያውና በጎራሹ መካከል የሚቆም ነገር የለም።

አሁን በቀጥታ ለእናንተ፣ ለዴይኬር ባለቤቶች እኅቶቼ። ቤታችሁ ጠዋት በሩ ሲከፈት የእናንተ ብቻ መሆኑ ያበቃል። የስንት ቤት ልጅ ምንጣፋችሁ ላይ ይድሃል፣ አሻንጉሊታችሁን ይልሳል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ባሉበት ቤትና የሕፃናት መዋያ ውስጥ ኤሊ፣ እንሽላሊት፣ እባብም ሆነ እንቁራሪት እንዳይቀመጥ ይመክራል። «ኤሊዋ የልጄ ናት፣ ፎቅ ላይ ናት» ማለት አይበቃም፤ ውኃዋ የሚደፋው፣ ልጃችሁም ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚወርደው ወደ ታች ነው። ልጆቹን ያስደስታል ብላችሁ አኳሪየም ማስገባት ካሰባችሁ የዓሣ ይሁን፤ የእሱንም ውኃ ቢሆን ማድ ቤት አትድፉ። ወላጆችም ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ስለ ምግቡና ስለ እንቅልፉ እንደምትጠይቁ ሁሉ እዚያ ቤት ምን እንስሳ እንዳለ ጠይቁ። አያሳፍርም፤ ጠያቂም ተጠያቂም አይከፋ።

ተሳቢ እንስሳ በጭራሽ አይያዝ የምል ሰው አይደለሁም። ልጃችሁ 14 ዓመት ሞልቶት፣ ቤት ውስጥ ሕፃንም ነፍሰ ጡርም ዕድሜያቸው የገፋ ወላጅም ከሌሉ፣ ካንሰር እየታከመ ወይም የሰውነት መከላከያውን የሚቀንስ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰውም ከሌለ፣ ጌኮ ወይም ቢርድድ ድራገን የሚባሉትን እንሽላሊቶች ማሳደጉ ብዙ ያስተምረዋል። ሙቀቱን መለካት፣ መብራቱን መቆጣጠር፣ ምግቡን መመጠን ከስልክ ይሻላል። ግን ሥርዓት አለው። እንስሳው በራሱ ክፍል ይኑር፤ ሳሎን አይንሸራሸር፣ ማድ ቤት አይግባ። አይሳም፣ ከጉንጭ ጋር አይለጠፍ። ሣጥኑ የሚታጠብበት ባልዲና ብሩሽ የራሱ ይሁን፤ ከተቻለ ደጅ ይታጠብ፣ ካልተቻለ ቆሻሻ ውኃው ሽንት ቤት ይደፋ። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ከታጠበ ገንዳው ወዲያው በሳሙና ይፈተግ፣ ከዚያ በረኪና ይደረግበት። ቅደም ተከተሉ ግዴታ ነው፤ ቆሻሻ ባለበት ላይ የፈሰሰ በረኪና ሥራውን አይሠራም። እጅ ደግሞ ለ20 ሰከንድ በሳሙና። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ አዋቂ አጠገቡ ይቁም፤ «ታጠብኩ» የሚለውን የልጅ ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን።

እባብ ለምታሳድጉ ችላ የማይባል አንድ ነገር አለ። ለእባብ ምግብ የሚሸጠው የቀዘቀዘ አይጥ ራሱ ሳልሞኔላ ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ወረርሽኝ ታይቷል። ፍሪዘር ባክቴሪያውን ያደነዝዘዋል እንጂ አይገድለውም። ከእንጀራችሁና ከሥጋችሁ ጋር አንድ ፍሪዘር ውስጥ አታኑሩት፤ ማይክሮዌቭ ውስጥም አታሙቁት።

ኤሊዋን ለመተው የወሰናችሁ ደግሞ ፖቶማክ ወንዝ ወይም የሰፈር ኩሬ ወስዳችሁ አትልቀቋት። ለአገሬው እንስሳት ጠንቅ ናት፤ ውርጩም ሊገድላት ይችላል። ለእንስሳት መጠለያ ወይም ተሳቢ እንስሳትን ለሚረከቡ በጎ አድራጊዎች ደውሉ። ልጁም ይምጣና ለማን እንደተሰጠች ይይ።

ሕመሙ ቢመጣስ? ባክቴሪያው ከገባ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ይጀምራል። አብዛኛው ጤነኛ አዋቂ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ መድኃኒት ይድናል። በሕፃን ግን ወደ ደም ሊገባ፣ ከዚያም የአንጎል ሽፋንና አጥንት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ካተኮሰው እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሰገራው ደም ካለበት፣ ዳይፐሩ ለሰዓታት ደርቆ ከቆየ፣ ልጁ ከደከመና መጥባት ከተወም እንደዚያው።

ይህን ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሞክሳሲሊን በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ። አትስጡ። ለብዙዎቹ የሳልሞኔላ ተቅማጦች አንቲባዮቲክ አይታዘዝም፤ እንዲያውም ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ሊያራዝም ይችላል። የሚያስፈልገው ፈሳሽ ነው፤ አገር ቤት ለምለም የምንለው፣ እዚህ ፔዲያላይት ተብሎ የሚሸጠው። የተቅማጥ ማስቆሚያ መድኃኒትም በራሳችሁ ለሕፃን አትስጡ።

ሐኪሙ «ቤት ውስጥ እንስሳ አለ?» ሲል በአእምሯችን የሚመጣው ውሻና ድመት ብቻ ስለሆነ «የለም» እንላለን። ኤሊዋን ንገሩት። የጎረቤት፣ የአጎት ልጅ፣ የክፍል ጓደኛ ኤሊ ብትሆንም ንገሩት። ሳልሞኔላ ከተገኘ ውጤቱ ለጤና መምሪያ ይነገራል፤ ከዚያም ከማታውቁት ቁጥር ስልክ ሊደወልላችሁ ይችላል። ምን በላ፣ የት ዋለ፣ ምን እንስሳ ነካ እያሉ በዝርዝር ይጠይቃሉ። የሚፈልጉት የሕመሙን ምንጭ ነው፤ ኤሊ የያዘውን ቤተሰብ ለመክሰስ ወይም መኖሪያ ፈቃድ ለማጣራት አይደለም። ስልኩን አንሡ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ዋሺንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም በከተማዋ በስም ከሚታወቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሕጉ ካለ እንጠቀምበት።

ለጤና መምሪያዎች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ገጽ የማይሞላ ነው። ስለ ተሳቢ እንስሳትና ስለ ሕፃናት የምትሰጡት ምክር በአማርኛ፣ በትልቅ ፊደል ታትሞ የእናቶችና የሕፃናት ምግብ ድጋፍ በሚሰጥባቸው የዊክ ቢሮዎች፣ በሕፃናት ክሊኒኮችና አራሶች ከሆስፒታል ሲወጡ በሚሰጣቸው ፖስታ ውስጥ ይግባ። የዴይኬር ፈቃድ ሥልጠና ላይም አምስት ደቂቃ ይሰጠው። ትርጉሙ ደግሞ በማሽን ተሠርቶ ዝም ብሎ የሚለጠፍ ሳይሆን አንዲት እናት አንብባ የምትረዳው ይሁን። እዚህ ከተማ በነጻ ልትረዳችሁ የምትችል አማርኛ ተናጋሪ ነርስ አታጡም፤ እኔም አለሁ።

ካህናት አባቶች፣ ኢማሞቻችን፣ የሬዲዮ አዘጋጆች፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ ማስታወቂያ ሲነገር ይህንንም አንድ ቀን ጨምሩልን። እናንተ ወላጆች ደግሞ ቤታችሁ ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካለ ኤሊዋን በዚህ ሳምንት ለሌላ ስጡ። ይህን ደብዳቤም በቫይበርና በቴሌግራም ግሩፖቻችሁ አስተላልፉት፤ በተለይ አራስ ላለበት ቤት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንዲት የሕፃናት ነርስ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ